ጆ ሉዊስ፦ ቀበቶውን 25 ጊዜ ያስከበረው ቦክሰኛ ታላቅነቱ እስከ የት ነው?

ሪንግ_ዳር

ስለ ከባድ ሚዛን ቦክስ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ከመሐመድ ዓሊ ተነሥቶ ማይክ ታይሰን ላይ ያርፋል፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ግን በስም ብቻ ጠርተን እናልፋቸዋለን። ይህን ክር የከፈትሁት ስለ ጆ ሉዊስ እንድንነጋገር ነው። ሰውየው ከ1937 እስከ 1949 ድረስ፣ ለ11 ዓመት ከ8 ወር ያህል፣ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ቆይቷል፤ ቀበቶውንም 25 ጊዜ አስከብሯል። በዚህ ሚዛን ይህን ያህል ጊዜ ማዕረጉን ያስከበረ ሌላ ቦክሰኛ እስካሁን አልተገኘም፤ ላሪ ሆምስ እንኳ 20 ላይ ቆሟል። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ሉዊስ ባሮ የተወለደው በሜይ 13 ቀን 1914 በአላባማ ግዛት፣ ላፋዬት በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ከእኩል አራሽ ቤተሰብ ነው። አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ በመቅረቱ እናቱ ሌላ ባል አገባች፤ በ1926 ደግሞ ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ተሰደደ። እናቱ ቫዮሊን ይማርበት ብላ የሰጠችውን ገንዘብ ልጁ ብሩስተር በሚባለው የስፖርት ማዕከል ቦክስ ተማረበት። በ1932 ባደረገው የመጀመሪያው የአማተር ግጥሚያ ጆኒ ማይለር የተባለ የኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሰባት ጊዜ መሬት ላይ እንደ ጣለው ሳነብ፣ ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ጓንቱን ይሸጠው ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በቀላል ከባድ ሚዛን የአሜሪካ የአማተር ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ 4 ቀን በቺካጎ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ገብቶ የመጀመሪያ ተጋጣሚውን በአንደኛው ዙር ዘረረ፤ የተከፈለውም 59 ዶላር ነበር።

ማናጀሮቹ ጆን ሮክስቦሮና ጁሊያን ብላክ፣ አሰልጣኙም ጃክ ብላክበርን፣ ሦስቱም ጥቁሮች ነበሩ። ሮክስቦሮ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ፣ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ እንዳይፎክር፣ ብቻውን ወደ ምሽት ክበብ እንዳይገባ አጥብቆ አዘዘው። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ጃክ ጆንሰን ነው፤ የመጀመሪያው ጥቁር ሻምፒዮን ጆንሰን ደስታውንም ፍቅሩንም በአደባባይ የሚያሳይ ሰው ስለ ነበር፣ በ1915 ቀበቶውን ካጣ በኋላ ለ22 ዓመት ያህል ለማዕረጉ እንዲጋጠም ዕድል የተሰጠው ጥቁር ቦክሰኛ አልነበረም። ሉዊስ ፊቱን የማይፈታና ቃል የሚቆጥብ ሰው ሆኖ የታየው በተፈጥሮው ዝምተኛ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ካልሆነ በሩ እንደማይከፈትለት ስለ ተነገረውም ጭምር ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሉዊስን ታላቅነት የምንመዝነው በሪንግ ውስጥ ባደረገው ብቻ ነው ወይስ ሌሎች በትከሻው ላይ የጫኑትንም ሸክም አብረን መቁጠር አለብን? እኔ ሸክሙ ካልተቆጠረ ሚዛኑ የተሟላ አይመስለኝም።

ሰኔ_18

የመጠሪያ ስሜን ያየ ሰው ምን እንደምል ሳይገምት አይቀርም። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ጁን 25 ቀን 1935፣ ሉዊስ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ቀኑን ለብቻው አይመልከቱት። የወልወል ግጭት ከተከሰተ ሰባት ወር አልሞላም ነበር፤ ሙሶሊኒ ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እያከማቸ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየደረበ ነበር። በዚያው ወቅት በሃርለምና በቺካጎ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ደግሞ ከግጥሚያው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ሪንግ ላይ የወጡት ሁለት ቦክሰኞች ቢሆኑም ተመልካቹ ያየው ሁለት አገሮችን ነበር። በጣሊያናውያንና በጥቁሮች መካከል ብጥብጥ ይነሣል ተብሎ ስለ ተሰጋ ከፍተኛ የፖሊስ ኃይል ተሰማርቶ ነበር፤ አስተዋዋቂው ሃሪ ባሎግም ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ በስፖርታዊ መንፈስ እንዲመለከት ተማጽኗል። ካርኔራ 118 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነበር። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ እየተመለከተ ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ዳኛው አርተር ዶኖቫንም ግጥሚያውን አስቆመ። ዳዊትና ጎልያድ ያላለ የዚያ ዘመን ጸሐፊ ካለ ይገርመኛል።

ሆኖም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካርኔራን የፋሺዝም ምልክት አድርገን ብንጠላው ግፍ ይሆናል፤ እርሱ ራሱ በወንበዴዎች እጅ የወደቀ፣ ያገኘውን ገንዘብ የዘረፉትና ብዙ ግጥሚያዎቹን ከኋላው ሆነው የወሰኑለት ምስኪን ሰው ነበር። ሁለተኛ፣ ሉዊስ በዚያ ሌሊት ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ብዙ የሚያውቅ የፖለቲካ ሰውም አልነበረም፤ አደራውን የሰጡት ሌሎች ናቸው። ከድሉ በኋላ ሃርለም ሌሊቱን በጭፈራ አሳለፈ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በቀጣዩ ሰኔም ሉዊስ በጀርመናዊው ቦክሰኛ በማክስ ሽሜሊንግ በተሸነፈ በ11ኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ። ይህን የቀናት መቀራረብ ባየሁ ቁጥር ዝም እላለሁ።

ተጠራጣሪው

ጽሑፎቻችሁን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ታሪክ ስለ ከበደ ቡጢም ከበደ ማለት አይደለም። 25 ጊዜ አስከበረ የተባለውን ቁጥር ከፍተን እንመልከት። ከዲሴምበር 1940 እስከ ጁን 1941 ባሉት ሰባት ወራት ሰባት ሰዎችን ገጠመ፤ ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ተጋጣሚዎቹን «የወሩ ተረኛ ውራ» እንደ ማለት ባለ የፌዝ ስም ይጠሯቸው ነበር። ከሰባቱ መካከል ዛሬ ስሙ ሲነሣ የምናውቀው የመጨረሻውን፣ ቢሊ ኮንን ብቻ ነው።

ኮን ደግሞ የቀላል ከባድ ሚዛን ሰው ነበር፤ በሉዊስና በእርሱ መካከል ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ልዩነት ነበረ። እንዲያም ሆኖ እስከ 12ኛው ዙር ድረስ በሁለት ዳኞች ወረቀት ላይ ይመራ ነበር። በነጥብ ማሸነፍ ሲችል ካልዘረርሁት ብሎ 13ኛው ዙር ላይ ገጥሞ ባይዋጋ፣ ዙሩ ሊያበቃ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው ባልተዘረረ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላም፣ በ1947፣ ጀርሲ ጆ ዋልኮት ሉዊስን ሁለት ጊዜ ጥሎት ሳለ ውሳኔው ለሉዊስ ተሰጠ፤ ከሦስቱ ፈራጆች አንዱ፣ የመሐል ዳኛው ሩቢ ጎልድስቲን፣ ዋልኮት አሸነፈ ብሎ ነበር። ሉዊስ ራሱ የተሸነፈ መስሎት ውጤቱ ሳይነገር ከሪንግ ሊወርድ ነበር። እንግዲህ ከ25ቱ ስንቱን እንቁጠር?

አሰልጣኝ_ከመርካቶ

ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ቦክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ከእጁ ልጀምር። የሉዊስን ፊልም በዝግታ ቢመለከቱት ሁለት ነገር ያያሉ። እግሩን አያነሣም፤ መሬቱን እየዳሰሰ፣ ግማሽ እርምጃ በግማሽ እርምጃ ይጠጋል። ቡጢውም ከሩቅ አይመጣም፤ ሌላው ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ በሚሰነዝርበት ቦታ እርሱ ክርኑ ከጎኑ ሳይርቅ ይመታል። ተማሪዎቼ ይህን እንዲሠሩ ስጠይቃቸው ከትከሻቸው በላይ ማሰብ ይቸግራቸዋል፤ ኃይሉ ግን ያለው ከወገብና ከእግር ነው። ብላክበርን ያስተማረው ይህን ነው፤ ተጋጣሚን በአንድ ቡጢ ሚዛን አስቶ የሚቀጥለውን ማስከተል።

ጉድለትም ነበረበት፤ ለእኔ የሉዊስ ታላቅነት የሚጀምረውም ከጉድለቱ ነው። ሽሜሊንግ ከ1936ቱ ግጥሚያ በፊት ፊልሞቹን ደጋግሞ አይቶ ሉዊስ ግራ ጃብ (አጭር ቀጥተኛ ቡጢ) ከሰነዘረ በኋላ እጁን ወደ አገጩ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ እንደሚመልሰው ደረሰበት። ለጋዜጠኞች «አንድ ነገር አይቻለሁ» ከማለት በቀር አልገለጸላቸውም። ሉዊስ በሥልጠና ሰፈሩ የጎልፍ ፍቅር ይዞት ሳለ ጀርመናዊው ቀኝ እጁን ለዚያች ክፍተት አዘጋጀ፤ በአራተኛው ዙር ጣለው፣ በ12ኛው ዘረረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው ትምህርት ቤት። በ1937 ሉዊስ ጄምስ ብራዶክን በቺካጎ በስምንተኛው ዙር ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሉዊስ ራሱም በአንደኛው ዙር ወድቆ የተነሣበት ግጥሚያ ነው። (በነገራችን ላይ ተራው የሽሜሊንግ ነበር፤ የብራዶክ ወገን ግን የአዘጋጁን የማይክ ጄኮብስን የወደፊት የከባድ ሚዛን ትርፍ 10 በመቶ ለ10 ዓመት ተቀብሎ ዕድሉን ለሉዊስ ሰጠ። የቦክስ ንግድ ያኔም ንግድ ነበር።) ቀበቶውን ይዞም ሽሜሊንግን እስካላሸነፍሁ ድረስ ሻምፒዮን አትበሉኝ አለ። በጁን 22 ቀን 1938፣ ወደ 70 ሺህ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በ2 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ጨረሰው። ሦስት ጊዜ ጣለው፤ አንዲት የጎን ምት አከርካሪውን ስለ ጎዳችው ሽሜሊንግ ሲጮኽ ከሪንጉ አጠገብ የነበሩት ሁሉ ሰምተውታል። የጀርመናዊው ረዳት ፎጣ ሲወረውር ዳኛው ዶኖቫን አንሥቶ ወደ ገመዱ መልሶ ጣለው፤ ከዚያ ወዲያው ራሱ አስቆመው። ያን ግራ እጅ በዚያ ምሽት ዝቅ ሲል አያዩትም። ዋልኮትንም በስድስት ወሩ በ11ኛው ዙር ዘርሮታል፤ ኮንንም በ1946 በስምንተኛው። ያስቸገረውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲያገኘው ሌላ ቦክሰኛ ይሆናል፤ ይህ በቁጥር አይገለጽም።

ፍራንክፈርት_ነዋሪ

አጭር ማስታወሻ አለኝ። በየቦታው ሽሜሊንግ «ናዚው ቦክሰኛ» እየተባለ ይጻፋል። የናዚ መንግሥት መጠቀሚያ እንዳደረገው እውነት ነው፤ ነገር ግን የፓርቲው አባል አልነበረም፤ አይሁዳዊ ማናጀሩን ጆ ጄኮብስንም አሰናብት ተብሎ እምቢ ብሏል። በኖቬምበር 1938፣ ከሽንፈቱ አምስት ወር በኋላ፣ በአይሁድ ላይ ጥቃት በተከፈተበት ሌሊት የወዳጁን ሁለት ወጣት ልጆች በበርሊን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ደብቋል። ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን በኮካ ኮላ ንግድ ሀብታም ሆነ፤ ከሉዊስም ጋር እስከ መጨረሻው ወዳጅ ሆኖ ቀረ። በ2005 ሲያርፍ 99 ዓመቱ ነበር። ይህን የምለው ሰኔ_18 ስለ ካርኔራ ያሉትን ለማጠናከር ነው፤ ሸክም የተጫነው ሉዊስ ብቻ አልነበረም።

ሒሳብ_ሹም

በቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ግብር መሥራት በመሆኑ ከሉዊስ ሕይወት ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ሪንግ_ዳር ስላነሡት ሸክም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በጃንዋሪ 1942 በዲ ቤርን ገጥሞ ድርሻውን ለባሕር ኃይል ቤተሰቦች መርጃ ፈንድ ሰጠ። ወዲያው በተራ ወታደርነት ተመዘገበ። በማርች ደግሞ ኤብ ሳይመንን ገጥሞ ድርሻውን ለምድር ጦሩ ፈንድ ሰጠ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ለአደጋ አጋልጦ ያለ ዋጋ ተዋጋ ማለት ነው። በሠራዊቱ ውስጥም ወደ 100 የሚጠጉ የትርኢት ግጥሚያዎችን በወታደሮች ፊት አድርጓል፤ በፎርት ራይሊ የነበረው ጃኪ ሮቢንሰንና ሌሎች ጥቁር ወታደሮች ወደ መኮንኖች ማሠልጠኛ እንዲገቡ በዋሽንግተን የሚያውቀውን ባለሥልጣን አስቸግሮ ጉዳዩን አስፈጽሟል። ሮቢንሰን በኋላ የቤዝቦልን የዘር አጥር የሰበረው ያው ሰው ነው።

ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ግን ለጦሩ የተሰጠውን ገንዘብ የሉዊስ ገቢ አድርጎ ቆጠረው። በዚያ ዘመን ከፍተኛው የገቢ ግብር መጠን ከ90 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ከኮን ጋር ባደረገው ሁለተኛ ግጥሚያ ድርሻው ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ለማናጀር፣ ለፍቺ፣ ለቀድሞ ብድርና ለግብር ሲከፋፈል ግን እጁ ላይ የቀረው ከቁጥር አይገባም። ያልተከፈለው ግብር ወለድ ወለደ፤ ወለዱም ሌላ ወለድ። ዕዳውን ለመክፈል ሲል ቢዋጋ አዲሱ ገቢ አዲስ ግብር ይጠራል፤ ይህን አዙሪት ከደንበኞቼ ጋር አውቀዋለሁ፤ ግን በዚህ መጠን አይቼ አላውቅም። በ1950ዎቹ ዕዳው ወደ ሚሊዮን ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ከወቅቱ ገቢው ላይ ብቻ ለመሰብሰብ ተስማማ።

እርሱም ቆጣቢ አልነበረም፤ ለሚለምነው ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ የከሰሩ ንግዶችም ነበሩት። ነገር ግን ቤተሰቡ በችግሩ ዘመን ከዲትሮይት ከተማ የተቀበለውን የእርዳታ ገንዘብ ሀብት ሲያገኝ ራሱ ተመልሶ የከፈለ ሰው መሆኑን ስናስታውስ፣ ዕዳ ከፋይ አልነበረም ለማለት አፍ አይደፍርም።

ሪንግ_ዳር

ሒሳብ_ሹም ያሉት ተመልሶ ለምን ተዋጋ ለሚለው መልስ ነው። በማርች 1949 በክብር ከተሰናበተ በኋላ በሴፕቴምበር 1950 ኤዛርድ ቻርልስን ገጥሞ በ15 ዙር በነጥብ ተሸነፈ። በኦክቶበር 1951 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር መትቶ በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ጣለው። ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። ማርሲያኖ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደንቀው ስለ ነበር ከግጥሚያው በኋላ ሄዶ አለቀሰ። ያ የመጨረሻው ነው፤ 69 ጊዜ ተጋጥሞ 66 አሸነፈ፣ 52ቱን በዝረራ፣ ሦስት ተሸነፈ። ከሦስቱ ሁለቱ ከገንዘብ የተነሣ ባይሆን የማይኖሩ ናቸው።

በ1956 ለኑሮ ሲል ፕሮፌሽናል ትግል (ሬስሊንግ) ገባ። በመካከሉ ግን አንድ የተረሳ ድል አለው፦ በ1952 በሳን ዲየጎ የጎልፍ ውድድር፣ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር ነጭ ያልሆነን ሰው አባል የማያደርግ ሕግ እያለው፣ በአማተርነት ተጋብዞ ገባ፤ ጉዳዩንም በጋዜጣ አደባባይ አወጣው። ሕጉ የተሰረዘው በ1961 ነው። አሠልጣኛችን ያሙት ጎልፍ እንዲህም ጠቅሞ ነበር።

ዲትሮይት_እህት

የምኖርበት ከተማ መሐል፣ ጄፈርሰንና ዉድዋርድ በሚገናኙበት አደባባይ፣ ሰባት ሜትር ከምናምን የሚረዝም የነሐስ ክንድ ተንጠልጥሏል፤ በ1986 የቆመ የሉዊስ መታሰቢያ ነው። እዚህ ከሚመጡ ዘመዶቼ ብዙዎቹ «የማን እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ፊት የለውማ። በስሙ የተጠራው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ በ2017 ተዘግቶ ኋላም ፈርሷል። ከእንግዲህ ሲጠይቁኝ ከካርኔራ እጀምርላቸዋለሁ፤ ሰኔ_18ን አመሰግናለሁ።

ሪንግ_ዳር ግን የመጨረሻ ዓመታቱን አለፉት። በ1970 በኮሎራዶ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ተኝቷል፤ ሰዎች ሊገድሉኝ ያሳድዱኛል የሚል ፍርሃት ይዞት ነበር፤ አደንዛዥ ዕፅም ነበረበት። የአባቱን ዕጣ ለምናውቅ ይህ ከግብሩም ይከብዳል። በላስ ቬጋስ በሲዘርስ ፓላስ ሆቴል እንግዳ እየተቀበለ ይኖር ነበር፤ አንዳንዶች ይህን እንደ ውርደት ያወሩታል፤ እኔ ግን ሰው ሊጨብጠው የሚመጣበት ሥራ ውርደት ነው አልልም።

ተጠራጣሪው

እህቴ፣ እዚያው ሆቴል ላይ ታሪኩ ይዘጋል። በኤፕሪል 11 ቀን 1981 ላሪ ሆምስ ከትሬቨር በርቢክ ጋር ሲጋጠም ሉዊስ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ገባ፤ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበለት። በማግስቱ በ66 ዓመቱ አረፈ፤ በፕሬዚዳንት ሬገን ልዩ ፈቃድም በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ።

ለአሠልጣኙ ግን እጅ እሰጣለሁ፤ በሁለተኛው ግጥሚያ ሌላ ቦክሰኛ ይሆናል ያሉትን ፊልሞቹን ከፍቼ አረጋግጫለሁ፤ የሽሜሊንጉን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ግራው አልወረደም። ሸክሙን በተመለከተ ሪንግ_ዳርን አልቃወምም፤ በቡጢ ሚዛን ላይ እንዴት እንደሚቆጠር ግን እስካሁን አልገባኝም። የ1947ቱን የዋልኮት ግጥሚያ ደግሞ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከአንደኛው ዙር ጀምሬ ነጥብ እየያዝሁ እመለከተዋለሁ፤ ዙር በዙር እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ አሠልጣኙም የራሳቸውን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል።

አሰልጣኝ_ከመርካቶ

እመጣለሁ። ስድስተኛው ዙር ላይ ስንደርስ ግን ድምፁን ያጥፉትና ይመልከቱ፤ የተራኪው ጩኸት ነጥብ ያሳስታል።